መጀመሪያ የራስሽን ዝርዝር አንብቢ

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተሽ ቤቴ ስትቀመጪ አቦሉ ሳትነኪው ቀዝቅዞ ተነሣ። የተናገርሽው ቶናው ሲቀዳ ነው። «ጋሼ፣ የክፍላችን ስም ተቀየረ፤ ‹ብዝኃነት› የሚለው ቃል ከበሩ ላይ ተነሣ» አልሽኝ። ይህን ስትይ ድምፅሽ ደኅና ነበር። የተሰበረው ቀጥሎ ባልሽው ነው። ሦስት ዓመት አብራሽ የሠራች ሴት፣ «አንቺ የምትሰሚው አንቺን የሚመስሉትን ብቻ ነው» ብላሻለች። «እውነቷን ይሆን እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ያን ቀን መልስ አልሰጠሁሽም። በሲኒ መካከል የሚመለስ ጥያቄ አልመሰለኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ሰንብቼ ነው ይህን የጻፍኩልሽ። እንደምታውቂው እኔ ጎንደር መምህር ነበርኩ። በሱዳን፣ በገዳሪፍ በኩል ወጥቼ እ.ኤ.አ. በ1983 በስደተኛነት እዚህ አሜሪካ ገባሁ፤ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ቆይቶም የሠራተኞች ኃላፊ ሆንኩ። ስለ አድልዎ የምታሠለጥኚበትን ሙያ አልተማርኩም። ሰውን እኩል መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አበላሽቼው፣ መልሼም አቅንቼው ዐውቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።

1. ስሙንና ሥራውን ለዪ

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የብዝኃነት፣ የፍትሐዊነትና የአካታችነት ክፍሎቻቸውን እንዲዘጉ ታዘዙ። በማግስቱ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት፣ ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸው ኩባንያዎች በቅጥር አድልዎ እንዳያደርጉ የሚያዘው ትእዛዝ ተሻረ። እዚህ አካባቢ ስንቱ ቤት በመንግሥት ደመወዝ ወይም በመንግሥት ኮንትራት ይተዳደራል! ድንጋጤው እኛም ሰፈር መድረሱ አይገርምም።

ነገር ግን ትእዛዝ ሌላ፣ ሕግ ሌላ ነው። ጁላይ 2 ቀን 1964 የተፈረመው የሲቪል መብቶች ሕግ በምክር ቤት የወጣ ነው፤ ዛሬም በቦታው አለ። ሰባተኛው ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታም ሆነ በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳይለይ ይከለክላል። አቤቱታ አድልዎን ለሚመረምረው የፌዴራል ኮሚሽን የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጉዳዩን የሚያይ የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት ባለበት ደግሞ እስከ 300 ቀን ይፈቀዳል። ይህን የቀን ገደብ ባለማወቅ ብቻ መብቱ የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። እንግዲህ የበሩ ጽሑፍ ቢነሣም አንቺ የምታውቂው የሚጠቅመው ሠራተኛ ከበሩ ውጭ ቆሟል።

ደግሞ ይህን አስቢ። እኛ ሐበሾች ያን ቃል ከማንም በፊት ነው የምናውቀው። «ዲቪ» ስንል «ዲ» የምትለዋ ፊደል የቆመችው ለብዝኃነት ነው። በ1990 የወጣው ሕግ በዓመት እስከ 55 ሺህ ሰው በዕጣ እንዲገባ ፈቀደ፤ እናትሽም በዚያ በር ገባች፤ አንቺም ሳውዘርን ታወርስ ውስጥ አደግሽ። ቃሉ ከበር ላይ ቢነሣ ከሕይወትሽ አይነሣም። ስለዚህ ያዘንሽው ለማዕረግሽ ነው ወይስ ለሥራው? ይህን ለራስሽ መልሺ። ለማዕረጉ ከሆነ አልቅሺና ይውጣልሽ። ለሥራው ከሆነ የሚሠራ ሞልቷል።

2. ከማንም በፊት የራስሽን ዝርዝር አንብቢ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ልንገርሽ።

ኃላፊ በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። የምንሠራበት ጋራዥ ዲሲ መሀል፣ ከመሬት በታች አራት ፎቅ የሚወርድ ነበር። ከሥሬ 14 ሠራተኞች ነበሩ፤ ስድስቱ የእኛ ሰዎች፣ አምስቱ ኤልሳልቫዶራውያን፣ ሦስቱ ጥቁር አሜሪካውያን። በየሳምንቱ ዓርብ የሥራውን ስኬጁል በእርሳስ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የመምህር ጽሕፈት ስለሆነ እኮራበት ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባችን ወረቀቱ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። «እሑድ ዕረፍት የወጡትን ስሞች ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለኝ። ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው ስም ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ፤ ስድስተኛው ላይ አፌ ደረቀ። ስድስቱም የእኛ ስሞች ነበሩ። «ያለፈውንም አንብብ» አለኝ። የቆዩትን ወረቀቶች ሚስማር ላይ ሰክቼ አስቀምጣቸው ነበርና አወረድኳቸው። ያው ነው። ከዚያ በፊቱም ያው ነው።

ሰውየው በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ነበር። እኔ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ ሳመቻች፣ እሱ ሦስት ዓመት ያህል እሑድ ጠዋት ከመውጫው በር አጠገብ፣ ንፋስ በሚገባበት ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበል ነበር። ማንንም ልጎዳ አስቤ አላውቅም። እያንዳንዱ እሑድ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ክርስትና፣ አንዱ ሰርግ፣ አንዱ ለቅሶ። ምክንያቶቹን ያወቅኳቸው ግን በቋንቋዬ ስለተነገሩኝ ነው። የእሱን ምክንያት ጠይቄው አላውቅም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት በእርሳስ ተጽፎ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ዕቁብ አደረግነው። 14 ስም በብጣሽ ወረቀት ጠቅልለን፣ ባርኔጣ ውስጥ ከትተን ዕጣ አወጣን፤ እሑድም በየተራ ሆነ። ከእኛ ሰዎች ሁለቱ «ወገኑን የሸጠ» ብለው ለዓመታት ሰላምታ ነሡኝ። ሰውየው ግን በመጀመሪያው እሑዱ ማግስት ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ኬክ በፎይል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ምንም አላለኝም። ኬኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወደ ኪዮስኩ ሄደ።

ልጄ፣ ራስን መመርመር ሲባል ዓይንን ጨፍኖ ስለ ልብ ንጽሕና ማሰብ ይመስለናል። ልብ ግን ባለቤቱን ያባብላል። የእኔ ልብ ንጹሕ ነኝ ይለኝ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ እውነቱን ይናገር ነበር። ስለዚህ «እውነቷን ይሆን?» ብለሽ ልብሽን አትጠይቂ። ወረቀት አውጪ። ባለፉት ስድስት ወራት ምሳ የበላሽው ከማን ጋር ነው? ኢሜይሉን በዕለቱ የመለስሽለት ማን ነው? ሳምንት ያቆየሽውስ? ለዕድገት ስሙን ያነሣሽለት ማን ነው? ጻፊና ጮክ ብለሽ አንብቢ። ያቺ ሴት እውነቷን መሆን አለመሆኗን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

3. መበደልሽ ከመበደል አያድንሽም

እዚህ አገር በገባሁ ሰሞን አነጋገሬን እየደገመ ሠራተኛውን የሚያስቅብኝ አለቃ ነበረኝ። ሕጉ ምን እንደሚል ያኔ አላውቅም ነበር፤ አነጋገር ሥራውን በእርግጥ የሚያሰናክል ካልሆነ በቀር፣ ሰውን በአነጋገሩ ምክንያት ከሥራ ወይም ከዕድገት ማራቅ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ የያዝኩት ሕጉን አልነበረም፤ ቁስሉን ነበር። «እኔ የተበደልኩ ሰው ነኝ፤ ሰው አልበድልም» ብዬ ዐሥር ዓመት ኖርኩ። ያ ሐሳብ ነው ስኬጁሉን እንዳላይ ያደረገኝ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። ሁላችንም ራሳችንን የምናስቀምጠው ከተወጋው ጋር ነው። አንድ ሰው ግን በአንድ ቀን፣ ጠዋት ተወግቶ ከሰዓት በኋላ ሊወጋ ይችላል። አንቺ ጥቁር ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ የስደተኛ ልጅ ነሽ። እነዚህ ሦስቱ ብዙ እንድታዪ አድርገውሻል። የማታዪውን ነገር መኖሩን ግን አላጠፉትም።

4. ከቤት ይዘን የመጣነውን ንቀት አውጪ

ቡናሽ የተቀዳበትን ጀበና አስታውሺ። ልጅ ሳለሁ ጀበና ይዘውልን የሚመጡት ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ከወለቃ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሴት ገንቦና ጀበናውን በጀርባዋ አዝላ መጥታ ከደጃፋችን ታወርዳለች። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ለማኝ ባዶ እጁን አትመልስም። ያቺን ሴት ግን ከደጃፉ አታሳልፋትም። እኛንም «ዓይኗን አትዩ፣ ቡዳ ናት» ብላ ወደ ጓዳ ትመልሰናለች። የሠራችው ጀበና ቤት ይገባል፤ ሠሪዋ አትገባም። ስሟን ጠይቀናት አናውቅም።

የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤል ነበሩ። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ ብለን፣ ሸማኔውን ሳይቀር አዋረድን፤ ዕቃቸውን ግን ከቤታችን አላጣንም። በ1984 እና በ1985 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል፣ በሜይ 1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር እኅትማማች ከተሞች ናቸው፤ ደስ ይለኛል። ጎንደርን ስናስብ ግን ያቺን ሴትም አብረን እናስብ።

ሌላም አለ። በኢትዮጵያ ባርነት በዐዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው። የስድብ ቃሉ ግን አልተከለከለም። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተን፣ እራት ላይ ልጆች እየሰሙ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ጎረቤታችን ስናወራ ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል? አንቺም እየሰማሽ ነው ያደግሽው። በመሥሪያ ቤትሽ ስለ አድልዎ የምታስተምሪ ልጅ፣ በሰርግ ጠረጴዛ ላይ ያ ቃል ሲወጣ አንገትሽን ደፍተሽ ካለፍሽ ትምህርትሽ ሥር የለውም። ትልቅ ሰውን መቆጣት ነውር ነው ብለሽ እንደምትጨነቂ ዐውቃለሁ። አትቆጪ። «ጋሼ፣ እትዬ፣ ይህን ቃል እኔ ባለሁበት አይበሉብኝ» ማለት ግን ነውር የለበትም።

5. የተቀመጥሽበት ወንበር በማን እጅ እንደተሠራ እወቂ

አሌክሳንድሪያ አድገሽ፣ ዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ገብተሽ እንደማታውቂ ነገርሽኝ። ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። ከ1828 እስከ 1836 አይዛክ ፍራንክሊንና ጆን አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ሰው እየገዙ፣ እያሰሩ፣ ወደ ናቼዝና ወደ ኒው ኦርሊንስ የሚልኩበት ቤት ነበር። በ2020 ከተማው ገዛው፤ ዛሬ ፍሪደም ሀውስ የሚባል ሙዚየም ነው። ሂጂ። ብቻሽን ሂጂ፤ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።

ከዚያ ወደ ኩዊን ጎዳና፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዝለቂ። ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ጥሩ ልብስ ለብሰው፣ አንድ በአንድ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ካርድ ጠየቁ። ተከለከሉ። እያንዳንዱ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አነሣ፣ ለየብቻው ጠረጴዛ ያዘ፣ ዝም ብሎ ማንበብ ጀመረ። ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። ይህን ያቀደው የዚያው ከተማ ልጅ፣ የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ዊልበርት ታከር ነበር። በዓመቱ ከተማው ለጥቁሮች የተለየ፣ ያነሰ ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ ካርድ ሲሰጠው ታከር አልቀበልም አለ። ዛሬ በስሙ የሚጠራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በከተማው አለ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የእኛ ልጆች ያለ ማንም ከልካይ መጽሐፍ ሲዋሱ፣ ዋጋው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተከፍሎበታል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። መላኩ በያን በ1930ዎቹ እዚሁ ዲሲ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ኖረ፤ ከእነሱም አገባ፤ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ አገራችን ድረስ መጥቶ አየር ኃይላችንን መራ። ሮቢንሰን በ1954 ያረፈው አዲስ አበባ ነው። እነዚህ ሰዎች እኛን እንደ ባዕድ አልቆጠሩንም። ስለ ሌሎች መብት ከመናገርሽ በፊት ይህን ዕዳ ዕወቂው፤ አንደበትሽን ያለዝበዋል።

6. ወቀሳ ሲመጣ አትከራከሪ፤ ጠይቂ

የወቀሰችሽ ሴት ነጭ መሆኗን የነገርሽኝ በመጨረሻ ነው፤ ወቀሳውን የሚያቀልልሽ መስሎሽ። አያቀልልሽም። በጁን 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በቁጥር ከሚበዛው ወገን የሆነ ሠራተኛ በአድልዎ ሲከስስ ከሌላው የከበደ ማስረጃ እንዳይጠየቅ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ፍርዱን የጻፉት በዚያ ችሎት የተቀመጡት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። ሕጉ የተጻፈው ለእያንዳንዱ ሰው ነው። አንቺም ጆሮሽን ስትከፍቺ የሰውየውን መልክ አይተሽ አትክፈቺ።

ተመልሰሽ ሂጂና ሦስት ነገር ጠይቂያት። መቼ ነው ሳልሰማሽ የቀረሁት? ያን ጊዜ ማንን እየሰማሁ ነበር? ምን ባደርግ ይሻል ነበር? ስትመልስልሽ «ግን እኮ» አትበይ። ጻፊው። አመስግኚያት። ከወር በኋላ ደግሞ የተለወጠ ነገር ይዘሽ ተመለሺ።

እዚህ ላይ ይሉኝታችን ይፈትንሻል። ይሉኝታ መልካም ነው፤ ከብዙ ብልግና ጠብቆናል። ነገር ግን እውነቱን እንዳንጠይቅና እንዳንጠየቅም አድርጎናል። ስለዚህ ከዘመድም ከመሥሪያ ቤትም ውጭ የሆነ፣ አንቺን የማይፈራ አንድ ሰው ይኑርሽ። የንስሐ አባት ነፍስን እንደሚጠብቅ፣ እሱ ሥራሽን ይጠብቅልሽ። ለእኔ ያ ሰው የባፕቲስቱ ዲያቆን ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ስኬጁሉን አሳየው ነበር። እሱም መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን በእያንዳንዱ ስም ላይ እያሳለፈ ያነብልኝ ነበር።

7. በመሥሪያ ቤት የምታስተምሪውን በሰፈርሽ ኑሪው

ይህ ምክር ሁላችንንም ያማል። ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እዚህ ምን እንደሆነ አይተሻል። ሃያ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ቡና የጠጡ ሰዎች ጠረጴዛ ለወጡ። ቀጥሎ ካፌ ለወጡ። ጎረቤት ጎረቤቱን በፌስቡክ ገጹ መዘነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራ የሚገዛበትን ሱቅ በባለቤቱ ቋንቋ የሚመርጥ ሰው ዐውቃለሁ። እኔም ለአንድ ትግሬ ወዳጄ ወንድሙ የሞተ ጊዜ ለመደወል ሁለት ሳምንት ዘግይቻለሁ። «ምን እለዋለሁ?» ብዬ ነበር። ስደውልለት «ቆየህ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን ቃሉን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

አንቺ ፊሊፒናዊውንና ፖላንዳዊውን ባንድ አዳራሽ አስቀምጠሽ ስለ መደማመጥ ታሠለጥኛለሽ። አማራውና ትግሬው፣ ኦሮሞውና ጉራጌው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በተቀመጡበት የራስሽ ልደት ላይስ ማን ተጠራ? ማን ቀረ? ይህም ዝርዝር ነው፤ ይህም ይነበባል።

ዝርዝር ሊሰፋ እንደሚችል በዓይናችን ያየነው ምስክር አለን። ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ በ1983 አርሊንግተን ላይ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትን ሲያቋቁሙ ዓላማው አዲስ ገብ ሐበሾችን መርዳት ነበር። ከጊዜ በኋላ ያ ድርጅት አፍጋኑንም ኮንጎዊውንም ሶርያዊውንም ተቀበለ። ስሙን ሳይለውጥ በሩን አሰፋ።

8. ያልመጣውን ሰው ፈልጊ

ሥልጠናሽን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስትሰጪ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሕንፃውን የምትጠርገዋ እናት የት ናት? ምናልባት አማርኛ ብቻ ነው የምትናገረው። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ግን የከተማው ግዴታ ነው፤ የግል መሥሪያ ቤት ውስጥ እሷን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ሁኚ። አንድ ቀን በሌሊቱ ሺፍት ገብተሽ ቁጭ በይ። ጥያቄ አታብዢ፤ ዕረፍት የሚወጡበት ክፍል ውስጥ ወንበር መኖሩን ብቻ ተመልከቺ።

የጾምና የበዓሉንም ነገር ዕወቂ። ጃንዋሪ 7 ገና መሆኑን፣ በረመዳን ምሽት አፍጥር የሚሆንበት ሰዓት በየቀኑ እንደሚለዋወጥ አለቆች ራሳቸው አያውቁትም። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ እሑድ አልሠራም ያለውን የፔንሲልቬንያ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ አይቶ፣ አሠሪ የሠራተኛን የሃይማኖት ጥያቄ ለመከልከል ጥቂት መቸገሩ እንደማይበቃና ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ይህን ፍርድ ሳነብ በዓይኔ የመጣብኝ ያ ኪዮስክ ነው። ዲያቆኑ ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለገውም ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበር ያጣው።

9. የራስሽ ድስት አይረር

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ እናቶቻችን። አንቺ የሰውን ሁሉ በደል ሰምተሽ ወደ ቤት ትሄጃለሽ፤ ለእናትሽ ስልክ ለመመለስ ጉልበት የለሽም። ይህ ጀግንነት አይደለም። የእሑድ ማኅበርሽን አትተዪ። ዕድር ውስጥ ግቢ፤ ወጣት ነኝ አትበይ፣ ድንኳን ተሸክመሽ ለቅሶ ቤት ወንበር መደርደር ከስንት ስብሰባ የማይገኝ ነገር ያስተምራል። እዚያ ማንም ማዕረግሽን አይጠይቅም። መሥሪያ ቤቱ ነገ ሥራሽን ራሱን ቢዘጋውና ሌላ ሥራ ብትይዢ፣ ሒሳብ ክፍልም ይሁን ጋራዥ፣ እጅሽ ላይ የሚወድቅ ዝርዝር አይጠፋም። ማን ቀድሞ እንደሚሰማ፣ ማን እሑድ እንደሚያርፍ የሚወስን ሰው ሁሉ አንቺ የተማርሽው ሙያ ያስፈልገዋል።

10. በዓመት አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ

እኔ ይህን የማደርገው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ሦስት ወረቀት እይዛለሁ። በአንዱ ላይ በዓመቱ ውስጥ የረዳኋቸውን፣ በሁለተኛው የበደልኳቸውን፣ በሦስተኛው ልጠይቃቸው ሲገባኝ ያልጠየቅኋቸውን ሰዎች ስም እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ቶሎ ይሞላል። እሱን ወዲያው እቀደዋለሁ፤ የሚጠቅመኝ ነገር የለውም። ሁለተኛው ቀስ ይላል። ሦስተኛው ላይ ግን ከባዱ ነገር ስሙን አለማወቄ ነው። የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ በየዓመቱ እዚያ አለች፤ የምጽፈው «ጀበናውን ያመጣችልን» ብዬ ነው።

አንቺም ጀምሪ፤ እንቁጣጣሽን አትጠብቂ። በሚመጣው ቅዳሜ ስትመጪ የስድስት ወሩን ዝርዝርሽን ይዘሽ ነይ። ያቺ ባልደረባሽ ያለችሽንም ጻፊበት። እኔም ከዚያ ጋራዥ ይዤው የወጣሁት አንድ ስኬጁል ዳዊቴ ውስጥ ታጥፎ አለ፤ እርሳሱ ደብዝዟል፣ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። ጎን ለጎን እናስቀምጣቸውና አንቺ የእኔን፣ እኔም የአንቺን ጮክ ብለን እናነባለን። አቦሉን ግን ትኩሱን ጠጪው።